ማርሚታው እስኪቀዘቅዝ

ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት ተረት የሚጀመረው ፈረስ ተጭኖ ነበር። ራት ተበልቶ ምድጃው ዙሪያ ስንሰበሰብ፣ የኩራዟ ብርሃን ጥላችንን ግድግዳው ላይ አግዝፎ ሲዘረጋው፣ አባባ የምንላቸው የእናቴ አባት ጉልበታቸውን በሁለት መዳፋቸው እንደ ኮቴ ድምፅ መታ መታ ያደርጉና «ኮርቻው ተጭኗል?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔና ታናናሾቼ፣ ከቤታችን የማይጠፉት የጎረቤት ልጆችም ጭምር፣ ጣራ በሚያነሳ ጩኸት «ተጭኗል!» እንላለን። «ልጓሙስ?» «ገብቷል!» «በሉ እንሂድ» ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ከተቀመጡባት ዱካ ንቅንቅ ሳይሉ የከፋን አገር ዳር እስከ ዳር ይዘውን ይዞራሉ።

ተረቶቹ ሁሉ በፈረስ የሚኬድባቸው ነበሩ። አባባ የጥንቱን የከፋ ንጉሥ «ታቶ» ነው የሚሉት። ያ ታቶ አንዴ ልጁን ሩቅ አገር ይድራል፣ አንዴ ጉም የዋጠውን መንደር እንዲፈልጉለት ሰው ይልካል፣ አንዴ ደግሞ ከጫካ ማር ቆራጭ ጋር ይጣላል፤ የሚላከው ሰው ይለያይ እንጂ የሚላክበት ፈረስ ሁልጊዜ ዳማ ነው፤ ምክንያቱም ከቤታችን ጀርባ ባለው ጋጣ ሣሯን የምትቆረጥመው የአባባ ባዝራ ዳማ ነበረች። ሌሎች አያቶች ጅቡን ገድለው ወይ ልጅቷን ድረው ተረታቸውን ይጨርሳሉ ሲባል እሰማለሁ። የኛ ግን የጋለበውን ፈረስ ላብ ሳያደርቁ፣ ጀርባውን ሳያለብሱ ተረት አይዘጉም። ቦንጋ ዝናብ የማይጠፋባት አገር ናት፤ ከሩጫ የመጣ የሞቀ ፈረስ ዝናብ ላይ ራቁቱን ከቆመ ብርድ ሳንባው ድረስ ይገባል ይሉ ነበር። ስለዚህ ታቶው ተደስቶ፣ ሽልማቱ ተሰጥቶ፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላም ቢሆን እኛ ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቃለን። «ፈረሱንም አልብሰው ገቡ» ካሉ ብቻ ነው አለቀ የሚባለው፤ ያኔ ወደ መኝታ።

አንድ ክረምት ባዝራዋ ታመመችና ሞተች። አባባ ኮርቻውን አጽድተው፣ ቆዳውን ቅባት ቀብተው፣ ከጣራው ወራጅ ላይ ሰቀሉት። በዚያው ሳምንት እንደ ልማዳችን ምድጃው ዙሪያ ተኮልኩለን ብንጠብቅ ብንጠብቅ ጉልበታቸው ዝም አለ። እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር ያልፈጠረብኝ ልጅ ስለነበርኩ ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው። ወደ ላይ ወደ ኮርቻው አዩና «በምን እንሄዳለን፣ ልጄ?» አሉኝ። ቸገረኝ፤ ትንሽ አሰብኩና የጎረቤታችንን አህያ ብንጭንስ ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ታቶን በአህያ! እናቴ በአፏ ነጠላዋን ነክሳ ወደ ጓዳ ገባች፤ አባባ ግን አልሳቁም። ከዚያ በኋላ ምድጃው እሳት ብቻ ሆነ። ጭሱ ያው ጭስ ነው፣ ፍሙም ያው ፍም፤ ነገር ግን አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቀመጣሉ፣ እኛም በጊዜ እንተኛለን። እንደዚያ ሆኖ አንድ ዓመት ሊሞላ ደረሰ።

እንግዲህ እትዬ አስካለ በዶቅዶቄ የመጣችው በዚያ ዘመን ነው። እትዬ አስካለ የእናቴ ታናሽ ናት። አባባ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ግልቢያ ያስተማሩት እሷን ነበር፤ ቀሚሷን ሰብስባ ዳማዋን ሽምጥ ስትጋልብ የሰፈሩ ሰው ጉድ ይል እንደነበር እናቴ እስከ ዛሬ ታወራለች። አድጋ ተምራ ቢታ ገነት ከተማ የጤና ሠራተኛ ሆነች፤ ሥራዋ በየቀበሌው እየዞሩ ሕፃናት መከተብ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ቢያልፉም ያኔ ባጃጅ የሚባለው ነገር ቦንጋን አያውቃትም ነበር። ሞተር ሳይክል ራሱ የቢሮ ሰዎች አልፎ አልፎ ሲነዱት የምናየው ነው፤ ሴት ስትነዳው ግን በሰፈራችን አይቻለሁ የሚል አልነበረም።

ቅዳሜ ሊመሽ ሲል ነው፣ ራት እየተሰናዳ፣ ዝናቡ ይወርዳል። መጀመሪያ ድምፁን ሰማነው፤ ከዳገቱ ስር እየተንተከተከ ይመጣል። ልጆች ሁሉ ከየበራፉ ፈልተን ወጣን። ቀይ ሞተር፣ ጭቃ በጭቃ የሆነች፣ ከአጥራችን ፊት ለፊት ታጥፋ ገባችና ዋርካ የሚያክል ሰው ከላይዋ ወረደ። የራስ ቁሩ ሲወልቅ እትዬ አስካለ ናት! ደስታዬን በምን ልናገረው፤ ጮኽኩ፣ ዘለልኩ፣ ጭቃው ላይ ወደቅኩ፣ ተነስቼ እንደገና ዘለልኩ። ቢሮዋ ለክትባቱ ሥራ ሞተር ሰጥቷት፣ ጠዋት ከቢታ ገነት ተነስታ ያንን ሁሉ ጭቃ ሰንጥቃ መጣች። እናቴ እልል አለችና ልብሷ ውሃ ያንጠፈጥፍ ስለነበር እየጎተተች ወደ ጓዳ አስገባቻት።

አባባ ግን ከዝናቡ አልገቡም። ሞተሯን ዞሯት። መቀመጫዋን በመዳፋቸው ዳበሷት፣ መሪዋን ያዙ፣ ጎንበስ ብለው ሆዷን አዩ። ሞተሯ ከጠፋች በኋላ ብረቷ ሲቀዘቅዝ ጣ፣ ጣ፣ ጣ ይላል፤ ዝናቡ የነካው ቦታ ላይ ደግሞ እንፋሎት ይወጣል። አባባ ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው አዳመጡ። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ ፊታቸው ላይ ከዓመት በፊት የማውቀው ነገር ተመልሶ፣ «ትንቀጠቀጣለች፤ ላብ አልቧታል። ላስቲኩን አምጪ» አሉኝ።

ላስቲኩ ቡና የምናሰጣበት አዲሱ ሰማያዊ ላስቲክ ነው፤ ከቤታችን ዕቃ ሁሉ የተከበረ። በሩጫ አመጣሁት። አባባ ፈረስ እንደሚያለብሱት አድርገው አለበሷት፤ ከአንገቷ እስከ ጅራቷ ሸፈኑ፣ ነፋስ እንዳይገባ ጫፉን ወደ ሆዷ ስር አጥፈው ጠቀጠቁ፣ ከዚያ በገመድ ጥብቅ አድርገው አሰሯት። ጫፉን ይዤ የምረዳቸው እኔ ነበርኩ፤ ሁለታችንም ያኔ የሠራነው ሥራ ከሥራ ሁሉ የተሻለ ደግ ሥራ ይመስለን ነበር። ፈረስ የሚያውቅ ሰው ይህን ካላደረገ ምን ሊያደርግ ነው?

እንደገባን ራት ተበላ፣ እሳቱ ተቆሰቆሰ። አባባ እትዬ አስካለን አዩ፣ ወደ በሩ አዩ፣ ከዚያ ጉልበታቸው ላይ መዳፋቸውን ጣል አደረጉ። ኮቴው ተሰማ። «ኮርቻው ተጭኗል?»

አንድ አፍታ ተያየን። ከዚያ እንዴት እንደጮኽን እኔ ነኝ የማውቀው፤ ታናሽ እህቴ ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች። አባባም በተረታቸው ጉዞ ጀመሩ፣ ታቶው ላካቸው፣ ዳማው ሽምጥ ገባ፤ እትዬ አስካለ አገጯን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ እንደ እኛ ልጅ ሆና ታዳምጣለች።

ከጉዞው መሃል ላይ ሽታው መጣ። የሚቃጠል ላስቲክ ሽታ ነው፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ። እናቴ ማነው ኮንጎ ጫማውን እሳት ውስጥ የጨመረ ብላ የሁላችንንም እግር ቆጠረች፤ ሁሉም ጫማ በቦታው አለ። እትዬ አስካለ ግን ቀና ብላ አየር ሳበችና ፋኖሱን ይዛ ወጣች። ቆየች። ስትመለስ ፀጉሯ ርሷል፣ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። አባባ ምነው ብለው ሲጠይቋት ምንም አይደለም፣ ይቀጥሉ አለቻቸው። ተቀመጠችና ተረቱን እስከ መጨረሻው ሰማች። አባባ «ፈረሱንም አልብሰው ገቡ» ካሉ በኋላ ወደሷ ዞረው፣ ያንቺም ለብሳለች፣ አታስቢ አሏት። እሷም እግዜር ይስጥልኝ አባባ ብላ እጃቸውን ሳመች።

በማግስቱ እሑድ ነው። አባባ ገና ሳይነጋ ለቅዳሴ ሄዱ። ነጠላቸው ከአጥሩ እንደታጠፈ እትዬ አስካለ እናቴንና እኔን ጠርታ ላስቲኩን ገለጠችው፤ ገለጠችው እንኳን አይባልም፣ ግማሹ አብሮ አልነሳም አለ። ማርሚታው፣ ያ ጭሱ የሚወጣበት ረጅም የሚያብረቀርቅ ቧንቧ፣ ከሞተሯ ሆድ ጀምሮ እስከ ጫፉ ድረስ ሰማያዊ ቅርፊት ለብሷል። ከፊሉ አረፋ አውጥቶ ጠቁሯል፣ ከፊሉ ተጨማዶ ደርቋል፣ ገመዱ ባለፈበት በኩል ደግሞ እንደ ጠባሳ አብጧል። እናቴ ግንባሯን መታችና መጀመሪያ የመጣላት የቢሮው ነገር ነበር፤ ምን ይሉሻል አለቻት።

«ቢሮውስ ምንም አይለኝ፣» አለች እትዬ አስካለ። «አባባ ይህን ካዩ ግን ዳግመኛ ጉልበታቸውን አይመቱም። በስንት ጊዜያቸው ትናንት ገና መምታታቸው ነው።»

እስከዚያ ድረስ ነገሩ የብረት ነገር ነበር፤ አሁን የተረት ነገር ሆነ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ድረስ ያለን ጊዜ ብቻ ነው፤ አባባ ደግሞ ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ብሎ ሕዝቡን ሳያሰናብት ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው አያውቁም። እጅጌያችንን ሰበሰብን።

እናቴ ቢላዋ ይዛ መጣች። እትዬ አስካለ ቀማቻት፤ ቢላዋ ብረቱን ይጭረዋል፣ የተጫረ ብረት ደግሞ በዚህ ዝናብ ወዲያው ይዝጋል። እኔ ብልጥ ልሁን ብዬ የኩራዟን ነጭ ጋዝ ይዤ ብቅ ስል ደግሞ ጆሮዬን ልትነቅለው ምንም አልቀራት፤ ጋዝ የነካው ብረት በኋላ ሲሞቅ ከነሞተሯ እንነዳለን አለች። ከዚያ ጓሮ ገባችና እንሰት የምንፍቅበትን የቀርከሃ ስንጣቂ አመጣች። እሷና እናቴ ልጅነታቸውን ሁሉ እንሰት ሲፍቁ ነው ያደጉት፤ ቃጫውን ሳይበጥሱ ሥጋውን ብቻ ገፎ ማውጣት እጃቸው ላይ ነው። ሁለቱም ዛሬ የሚፋቀው ምን እንደሆነ አስበው ተያዩና ሳቅ በሳቅ ሆኑ።

መጀመሪያ በቀዝቃዛው ጀመርን። የደረቀው ቅርፊት ስር ቀርከሃው ሲገባ ቀጭ እያለ በትልልቁ ይነሳል፤ እኔ ከሥር የእንሰት ቅጠል ይዤ እቀበላለሁ። ይሄኛው የታቶ ዘውድ ነው፣ ይሄኛው የዳማው ጆሮ ነው እያልኩ እየለየሁ አስቀምጣለሁ፤ ሥራ ሳይሆን በዓል መሰለኝ። ቅርፊቱ ካለቀ በኋላ ግን ብረቱ ላይ እንደ ሙጫ የተጣበቀው ስስ ሽፋን ቀረ። እናቴ ጨርቅ የፈላ ውሃ ውስጥ እየነከረች ማርሚታው ላይ ጠመጠመች፤ ትንሽ ለሰለሰ፣ ትንሽ ተላጠ፣ እንደገና ቀዝቅዞ እምቢ አለ። እናቴ ፍም ከሥሩ እናድርግ ስትል እትዬ አስካለ ወደ ቤንዚኑ ቋት ጠቆመቻት፤ እናቴም ሐሳቡን ተወችው።

የቀረው መንገድ አንድ ነበር፤ ሞተሯን ማስነሳት። ማርሚታው ከውስጥ ሲሞቅ የተጣበቀው ይለቃል፤ ሳይቀልጥ፣ ልክ እንደ ቅቤ ሲለሰልስ፣ ያኔ አጥፍቶ ፈጥኖ መፋቅ ነው። ችግሩ ድምፁ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከሸለቆው ማዶ ነው፣ ቦንጋ ላይ ደግሞ ጠዋት ጉሙ ሳይነሳ ማዶ የሳለ ሰው ሳይቀር ይሰማል። ሁለቱ እህትማማቾች ተከራከሩ። እኔ ጣልቃ ገብቼ፣ ቅዳሴ ላይ ያለ ሰው ዶቅዶቄ ሰምቶ ምን ያደርጋል አልኩ፤ ይህም ትልቅ ብልሃት መሰለን።

እትዬ አስካለ መርገጫውን ረገጠችው። ሞተሯ አገሳች! ግቢው ተንቀጠቀጠ፣ ዶሮዎቹ ተበተኑ፣ ጉሙ ራሱ የተነቃነቀ መሰለኝ። ማርሚታው ሞቀ፤ ሽታው ተነሳ፤ እሷ አጠፋችና «አሁን!» አለች። ቀርከሃው ሲያልፍ ሰማያዊው እንደ እንሰት ሥጋ እየተጠቀለለ ይወጣል፣ ከሥሩ ብረቱ ብልጭ ይላል። እናቴ በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች፣ እኔ ወጣ ወጣ እያልኩ እዘላለሁ። ሲጠነክር እንደገና አስነሳች፣ እንደገና አጠፋች፣ እንደገና ፋቅን። ሊያልቅ ነው! ከኋላ በኩል፣ ማርሚታው ከሞተሯ ጋር በብሎን የታሰረበት ጠባብ ቦታ ብቻ ሲቀር፣ የአጥሩ በር ሲጢጥ አለ።

አባባ ናቸው። ነጠላቸው ጭቃ ተረጭቶበታል፣ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ቅዳሴው ሳያልቅ፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ትተው ወጥተዋል።

«ሳልመርቅሽ ልትሄጂ ነው?» አሉ።

የሞተሯን ድምፅ ሰምተው ልጃቸው ሳትሰናበታቸው የምትሄድ መስሏቸው ነበር። ማናችንም ይህን አላሰብንም። እትዬ አስካለ ቀርከሃውን ከኋላዋ ደበቀች፤ ግን ምን ይደበቃል፣ ሰማያዊው ክምር የእንሰት ቅጠሉ ላይ ተቀምጧል። አባባ ክምሩን አዩ። ማርሚታውን አዩ። ጎንበስ ብለው አንድ ቅርፊት አነሱና በጣታቸው አሹት።

«ያቃጠልኳት እኔ ነኝ፣» አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

እትዬ አስካለ ብርድ እንዳይመታት ብለው ነው እኮ አለች፤ እናቴም ምንም አልሆነችም፣ ነጽታለች አለች። የአባባ ዓይን ወደ ቤቱ ዞረ፤ በተከፈተው በር የተሰቀለው ኮርቻ ይታያል። ፊታቸው ሊዘጋ እንደሆነ አየሁት፤ ያ ወደ ግድግዳ የሚዞረው ፊት እየመጣ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት የያዘኝን ነገር ዛሬም ስም አላወጣሁለትም። ወደ ሞተሯ ሮጥኩና መቀመጫዋን በሁለት መዳፌ፣ እሳቸው ጉልበታቸውን እንደሚመቱት አድርጌ፣ መታሁ። የእሳቸውን ምት ስላልቻልኩበት ኮቴው የአንካሳ ፈረስ ኮቴ ሆነ።

«ኮርቻው ተጭኗል?» አልኩ።

እናቴ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ፤ አያት እንዲህ አይጠየቅም። አባባ ግን ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ።

«አልተጫነም፣» አሉ በመጨረሻ። «የቆሰለ ፈረስ አይጫንም፤ መጀመሪያ ይታከማል። በይ ነይ፣ ጭንቅላቷን ያዢ።»

ነጠላቸውን አጥፈው ለእናቴ ሰጡ፣ ጭቃው ላይ ተንበረከኩ፣ ቀርከሃውን ከእትዬ አስካለ እጅ ወሰዱ። እኔ መሪዋን ያዝኩ። እትዬ አስካለ አስነሳቻት፤ ያ መንቀጥቀጥ በክንዴ ወጥቶ ጥርሴ ድረስ ሲደርስ፣ ዳማዋን ልጓሟን ይዤ የቆምኩ ያህል ተሰማኝ፤ ከዚያ የበለጠ ደስታ እስካሁን አላገኘሁም ብል አላጋነንኩም። አባባ እንዴት እንደሚሞቅ፣ መቼ እንደሚለሰልስ፣ ከየት ወደየት እንደሚፋቅ ልጃቸውን እየጠየቁ፣ የፈረስ ኮቴ በሚያጸዱበት እጃቸው ጠባቡን ቦታ አጸዱ። ሞተሯ ጠፍታ ብረቱ ሲበርድም እናቴ አመድና ሳሙና በጨርቅ ይዛ አሸችው፤ ወለል ብሎ ጠራ። ከብሎኑ ሥር ግን አንዲት የጥፍር ያህል ሰማያዊ ቁራጭ ቀረች። እትዬ አስካለ ልታወጣት ስትል አባባ ተዪያት አሏት።

ከዚያ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። መች ነው እንግዲህ የምትለብሰው? እትዬ አስካለ ስትቀዘቅዝ አለቻቸው። በምን ይታወቃል? ሞተሯን ትንሽ አስነስታ አጠፋችና እጇን ባልዲ ውስጥ ነክራ አንድ ጠብታ ማርሚታው ላይ ጣል አደረገች፤ ሞቆ ነበርና ጠብታዋ «ጭስስ» ብላ ጠፋች። እንዲህ እስካለ ድረስ ገና ነው፤ ዝም ብላ ስትንከባለል ያኔ ይለበሳል። አባባ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ደጋግመው ነቀነቁ።

በዚያ ምሽት ጉልበታቸውን መቱ። ለታቶው ከሩቅ አገር አንዲት ፈረስ ተላከችለት፤ ሣር አትበላም፣ እሳት ነው የምትጠጣው። የታቶው ፈረስ ጠባቂ አንድ እኔ ነኝ ያለ ሽማግሌ ነበር፤ ብርድ እንዳይመታት ብሎ የንግሥቲቱን ሰማያዊ ካባ ሰርቆ አለበሳት። ካባው ቀለጠ! ሽማግሌው ካባውን ሲፍቅ፣ ንግሥቲቱ ካባዋን ስትፈልግ፣ ታቶው የሚሸተው ምንድነው እያለ ሲዞር፣ እኛ ሆዳችንን ይዘን መሬት ላይ ተንከባለልን። አባባ ራሳቸው መናገር እስኪያቅታቸው ሳቁ፤ እሳቸው በራሳቸው ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው። መጨረሻውም ተለወጠ። «ፈረሷንም» አሉ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው፣ «እስክትቀዘቅዝ ጠብቀው፣ አልብሰው ገቡ።»

ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት አዲስ ልማድ ገባ። እትዬ አስካለ ወር በወር ወይ በሁለት ወር አመሻሽ ላይ ከቢታ ገነት ትመጣለች። ዳገታችንን ስትወጣ ያቺ የቀረችው ሰማያዊ ቁራጭ ትሞቅና ትሸታለች፤ አባባ ከዱካቸው ሳይነሱ አየር ስበው መጣች ይላሉ፣ ድምፁ የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ሞተሯ ደጅ ትቆማለች፣ እኛ በረንዳው ላይ አባባን እንከባለን፣ ተረቱ ማርሚታው እስኪቀዘቅዝ ይዘልቃል። በየመሃሉ አንዳችን ሮጠን ጠብታ እንጥላለን። «ጭስስ!» ካለች ገና ነው ብለን እየጮኽን እንመለሳለን፣ ታቶውም ሌላ ወንዝ ይሻገራል። ዝም ካለች ደግሞ እያዘንን እንናገራለን፣ አባባ ነገሩን ሰብስበው ይዘጋሉ፣ ከላስቲኩ የተረፈውን እናለብሳታለን። እኔ ሁልጊዜ ማርሚታው ዘላለም በሞቀ ብዬ እመኝ ነበር።

ዓመታት ሄዱ፣ እኔ አደግኩ፣ አባባ ደከሙ። አንድ ምሽት እትዬ አስካለ መጣች፤ ያኔ አባባ ከአልጋ የማይነሱ ሆነው አልጋቸው በሩ አጠገብ ተደርጎላቸው ነበር። ሽታውን ሲሰሙ ዓይናቸውን ገለጡ። መዳፋቸውን አንስተው ጉልበታቸው ላይ ማድረስ ስላቃታቸው ኮቴውን እኔ መታሁላቸው። ሁላችንም ጫንን፣ ልጓሙም ገባ። ታቶው ላካቸው። ግን ቃላቸው በጣም ቀርፋፋ ነበር፤ ከአንድ ቃል እስከ ሌላው እንጠብቃለን። ታናሽ እህቴ ወጥታ ጠብታ ጣለችና ተመለሰች፤ ከፊቷ ገባኝ። ቀዝቅዟል። አባባም ፊቷን አይተው ሊዘጉ አፋቸውን ከፈቱ።

እትዬ አስካለ ብድግ ብላ ወጣች። መርገጫውን ስትረግጠው ሰማን፤ ሞተሯ ደጅ ላይ አገሳች፤ ግን የትም አልሄደችም፣ እዚያው ቆማ ተንተከተከች። ቤቱን ያ ሰማያዊ ሽታ ሞላው።

አባባ ፈገግ አሉ። «እንግዲያው ገና ነው፣» አሉ።

ቀጠሉም። ወንዙን ተሻገሩ፣ ዳገቱን ያዙ፣ ጫካው ውስጥ ገቡ፤ ጉም የዋጠው መንደር ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው፣ ዳማው ላይ እንደተቀመጡ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ያንን ተረት አልዘጉትም። ከቀናት በኋላም ሲያርፉ አልተዘጋም ነበር። በዚያ ምሽት እትዬ አስካለ ሞተሯን አጥፍታ፣ ዝናቡ ውስጥ ብቻዋን ቆማ፣ እስክትቀዘቅዝ ጠብቃ አለበሰቻት።

እኔ ዛሬ ሺሺንዳ ከተማ አስተምራለሁ፣ የምመላለሰውም በሞተር ነው። በዝናብ ቤቴ ስደርስ ብረቷ ጣ፣ ጣ ሲል እየሰማሁ አጠገቧ እቆማለሁ፤ ጎረቤቶቼ ለሞተር የምትጸልይ መምህርት እያሉ እንደሚያሙኝ አውቃለሁ። የግቢው ልጆች ግን ባልዲ ይዘው ይመጣሉ፣ ጠብታ ይጥላሉ፣ እኔም ጉልበቴን እመታለሁ። ብዙ ተረት ነግሬ፣ ብዙ ፈረስ አልብሼ ገብቻለሁ። ያቺን የአባባን አንዲት ተረት ግን ጀምሬያት አላውቅም። እሳቸው ገና መንገድ ላይ ናቸው፣ ማርሚታውም አልቀዘቀዘም።